የጋሽ ወልዴ ውሻ ለፋሲካ እንዲደርስ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጠዋት ዶክተር ፍሬው ነጭ ጋዋን ሰጡኝ፤ ማዳመጫ አንገቴ ላይ አጠለቁልኝና «ዛሬ መርፌ አትነኪም፤ መድኃኒትም አትነኪም። የመጣውን ውሻ ሁሉ ልብ ብቻ ስሚ» አሉኝ።

እኔ የተማርኩት ለከብት ነው። የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ስመረቅ ሐሳቤ ሁሉ ላምና በሬ ላይ ነበር፤ የጭቃ ቦት ጫማ ሳይቀር ገዝቼ ነበር። ዕጣዬ ግን አራዳ ጣለኝ፤ ከፒያሳ ትንሽ ወረድ ብላ ከምትገኝ ባለ ሦስት ክፍል ክሊኒክ። ሥራ ማግኘቴን ስነግራት አክስቴ እልል አለች። የማን ሐኪም እንደምሆን ስነግራት እልልታዋን መሃል ላይ ቆረጠችው። «ውሻ? ለውሻ ደግሞ ሰው ይቀጠራል?» አለችኝ። ቦት ጫማውን ለወንድሜ ሰጠሁት።

በመጀመሪያው ቀን እስከ ምሳ ሰዓት ዘጠኝ ልብ ሰማሁ። ዘጠነኛው ላይ ስደርስ አላበኝ። ልባቸው ይፈጥናል፣ ይዘገያል፣ መልሶ ይፈጥናል። ሮጬ ገባሁና «ዶክተር፣ ሁሉም የልብ ሕመምተኞች ናቸው!» አልኳቸው። ዶክተር ፍሬው ሻያቸውን አስቀምጠው እስኪበቃቸው ሳቁ። ከዚያ ወንበር ሰጡኝ። «ጤነኛ ውሻ አየር ሲያስገባ ልቡ ይፈጥናል፣ ሲያስወጣ ይዘገያል። እንደሱ ነው የተፈጠረው። አንቺ መፍራት ያለብሽ ያረጀ ውሻ ልቡ እየፈጠነ፣ ያለ ምንም ልዩነት እኩል ሲመታ ነው። ጤነኛውን ደጋግመሽ ከሰማሽ የታመመው ራሱ ይነግርሻል» አሉኝ። አንድ ወር ሙሉ ጤነኛ ልብ ብቻ አሰሙኝ። ያን ጊዜ ቂም ይዤባቸው ነበር፤ ዛሬ ግን ከሰው ያገኘሁት ትልቁ ስጦታ ያ ወር ነው እላለሁ።

ክሊኒኩን ላስተዋውቃችሁ። የመጀመሪያዋ ክፍል ውስጥ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ ባለ ውሻውም ባለ ድመቱም እሱ ላይ ተደርድሮ ይጠብቃል። ሁለተኛዋ የምርመራ ጠረጴዛ ያለባት ናት። ሦስተኛዋ የመድኃኒት መደርደሪያና አንዲት የኦክስጂን ሲሊንደር ያሉባት ጠባብ ክፍል ናት። የእኔ ሥራ አግዳሚው ወንበር ላይ ይጀምራል። ስም፣ ዕድሜ፣ ምን ሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ይበላል ብዬ እጠይቃለሁ፣ እጽፋለሁ፣ እመዝናለሁ፣ ካርዱን ለዶክተር አደርሳለሁ። ደንበኞች ጋዋኔን አይተው «ሲስተር» ይሉኝ ጀመር። መጀመሪያ አካባቢ «ሲስተር አይደለሁም» እል ነበር። ማንም ስላልሰማኝ ተውኩት፤ ጡረታ የወጣሁትም ሲስተር እንደተባልኩ ነው።

ያረጀ ውሻ ሲያስል በሰፈራችን ሦስት ምክንያት አለው። ወይ ብርድ መትቶታል፣ ወይ አጥንት ተሰንቅሮበታል፣ ወይ አርጅቷልና ተዉት። ልብ ነው ብሎ የሚመጣ ሰው አላጋጠመኝም። የልብ ነገር ለሰው ብቻ ይመስላቸዋል።

እኔም ከነሱ አልሻልኩም። በሁለተኛው ዓመቴ ከአምስት ኪሎ አንዲት ነጭ አሮጊት ውሻ መጣች፤ ታስላለች። ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ዶክተር ደግሞ ቀዶ ጥገና ላይ ነበሩ። ማዳመጫውን ደረቷ ላይ ሳላስቀምጥ የሳል ሽሮፕ ሰጥቼ ሸኘኋት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በሁለተኛው ሳምንት ሆዷ ውኃ ይዞ ተመለሰች። ዶክተር ፍሬው አልጮኹብኝም። ባዶውን የሽሮፕ ጠርሙስ ከባለቤቷ ተቀብለው እኔ የምጽፍበት ጠረጴዛ ላይ አቆሙት። «እርጅና በሽታ አይደለም። በሽታ ግን እርጅና መስሎ ይገባል» አሉኝና ወደ ሥራቸው ሄዱ። ውሻዋ ተረፈች። ጠርሙሱ ግን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ዓመታት ቆየ፤ አቧራውን የምጠርገውም እኔው ነበርኩ።

ከዚያ ወዲያ ለሚያስል አሮጌ ውሻ ጥያቄዬ በዛ። ዳገት ይወጣል? መሃል መንገድ ይቆማል? ሲተኛ ተዘርግቶ ነው ወይስ የፊት እግሮቹን አራርቆ ተቀምጦ ያንቀላፋል? ወድቆ ያውቃል? ከንፈሩን ገልጬ ድዱን አያለሁ፤ ሮዝ ከሆነ ጥሩ፣ ከነጣ ወይም ወደ ሰማያዊ ካደላ ክፉ። ሆዱን እዳብሳለሁ። ከዚያ ከግራ ክርኑ በስተኋላ አዳምጣለሁ። ራጅ የሚነሳበት ቦታ ሩቅ ስለነበር ጆሯችንን ነበር የምናምነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለባለቤቱ አንድ የቤት ሥራ እሰጣለሁ፤ ውሻው ጥልቅ እንቅልፍ ላይ ሳለ ደረቱ በደቂቃ ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንደሚል መቁጠር። ከሠላሳ በታች ከሆነ እሰየው። ሠላሳን አልፎ በየቀኑ ከጨመረ ንገሩኝ። ከአርባ ካለፈ ተሸክማችሁ አምጡልኝ።

ይህን የቤት ሥራ እንደ ጋሽ ወልዴ የሠራልኝ ሰው የለም።

ጋሽ ወልዴ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ውስጥ የቧንቧ ዕቃ የሚሸጡ የጉራጌ ሰው ናቸው። ሱቃቸው ከፊት፣ መኝታቸው ከኋላ ነው፤ መሃላቸው አንድ መጋረጃ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ከሞቱ ገና ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ልጅ አልነበራቸውም። ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት አንድ ቡናማ ትንሽ ውሻ በጋቢ ጠቅልለው መጡ።

«ስሙ ማን ነው?» አልኳቸው ካርድ አውጥቼ።

«ቻለው።»

የድሮ ሰው ለውሻው ስም ሲያወጣ ለጎረቤት ወይም ለባላንጣ መልእክት ማስተላለፊያ ያደርገዋል። «ቻለው ያሉት ለማን ነው?» ብዬ ሳቅኩ።

«አስካለ ናት ያወጣችው። ለማን እንደሆነ ሳትነግረኝ ሞተች። ለእኔ ይመስለኛል» አሉ።

ቻለው አሥራ ሁለት ዓመቱ፣ ስምንት ኪሎ ነበር። ጠዋት ጠዋት ያስላል። ከአትክልት ተራ ወደ ላይ ሲመለሱ ዳገቱ መሃል ላይ ቁጭ እያለ እምቢ ይላል። «አርጅቷል፤ እኔም እንደሱ ቁጭ ማለት ያምረኛል» አሉ ጋሽ ወልዴ። ማዳመጫውን አስቀመጥኩ። ልቡ ፈጣንና እኩል ነበር፤ በእያንዳንዱ ምት መሃል ደግሞ ሽው የሚል ድምፅ አለ። ያ የመጀመሪያ ወር ዋጋውን የከፈለኝ ያን ጊዜ ነው። ሁለተኛ ማዳመጥ እንኳ አላስፈለገኝም።

ዶክተር ፍሬው ሰሙና አስረዷቸው። በልቡ ውስጥ ደም ወደፊት ካለፈ በኋላ የምትዘጋ ስስ ክዳን አለች፤ አርጅታ ወፍራለች፣ በደንብ አትገጥምም፣ ደሙ ወደ ኋላ ያመልጣል። ከዚያ ሳንባ ላይ ውኃ ይጠራቀማል፤ ሳሉም ከዚያ ነው።

ጋሽ ወልዴ ዕቃቸውን ያውቃሉ። «ጎማው አልቆ ነዋ! ይቀየርለት!» አሉ።

«አይቀየርም፣ ጋሽ ወልዴ። መሻሻል እንጂ መዳን የለውም። ግን በኪኒንና በጥንቃቄ ብዙ ጊዜ ተመችቶት ሊኖር ይችላል» አሏቸው ዶክተር።

ጋሽ ወልዴ የውሻውን ጆሮ ያሻሹ ጀመር። «አስካለ የፋሲካ ጠዋት የመጀመሪያውን አጥንት የምትሰጠው ለሱ ነበር። ከእኔ በፊት። እኔ ደግሞ በሽማግሌነቴ እቀና ነበር» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩን። «ብዙ አልጠይቃችሁም። ለፋሲካ አድርሱልኝ። በባዶ ቤት ጾም መፍታት ከብዶኛል።»

ሁለት ዓይነት ኪኒን ታዘዘለት፤ አንዱ ውኃውን በሽንት የሚያስወጣ፣ ሌላው የልብን ሸክም የሚያቀል። ሁለቱም ከሰው ፋርማሲ ነው የሚገዙት። «ጨው ጠላቱ ነው። ጨው ውኃውን ይይዝበታል። የሚቀምሰው ሁሉ ያለ ጨው ይሁን» ብዬ ሦስት ጊዜ ነገርኳቸው። ሦስቱንም ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ፋርማሲ የሆነውን በማግስቱ መጥተው ነገሩኝ። ባለሙያዋ ወረቀቱን አነበበች፤ ቻለው ወልዴ፣ አሥራ ሁለት ዓመት፣ የልብ ሕመም። «ውይ፣ በዚህ ዕድሜው!» አለች። ከዚያ ክብደቱን አየች። «ስምንት ኪሎ? አባቴ፣ ልጁ ይበላል?» አለቻቸው። «ከእኔ ይበልጥ ይበላል» አሉ ጋሽ ወልዴ። ልጅቷ ዕንባዋ መጣ። «ለምን ውሻ ነው አላሏትም?» አልኳቸው። «አዘነችለት እኮ፣ ልጄ። የሚያዝንለት ሰው ስንት አለው?» አሉኝ። ኋላ ሄጄ ያስረዳኋት እኔ ነኝ፤ ተናዳ ከዚያ እየሳቀች ኪኒኑን ለሁለት የምትከፍል ትንሽ መቁረጫ ሰጠችኝ።

ቻለው ሱቅ ውስጥ ከባንኮኒው ሥር ነው የሚተኛው። ጋሽ ወልዴ የግድግዳ ሰዓታቸውን እያዩ ከምሳ በኋላ ትንፋሹን ይቆጥራሉ፤ ቁጥሩን የሱቁ የቀን መቁጠሪያ ላይ በዕለቱ ሳጥን ውስጥ ይጽፋሉ። ደንበኛ ቢመጣ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያስቆሙታል፤ ቧንቧ ሊገዛ የመጣ ሰው አንድ ደቂቃ ቆሞ የውሻ ትንፋሽ ይጠብቃል። ወሩ ሲያልቅ ቅጠሉን ቀደው አመጡልኝ። በአርባ አራት ጀምሮ ሃያ ስድስት ላይ ደርሷል። ሳሉም ቀንሷል። ዳገቱንም አንድ ጊዜ ብቻ አርፎ ይወጣው ጀመር። ዶክተር ፍሬው ቅጠሉን ዓይተው «ተማሪ ማለት ይህ ነው» አሉ፤ እኔን እየተመለከቱ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

በጾሙ ሦስተኛ ሳምንት ጋሽ ወልዴ ጎረቤታቸውን እማማ ብርቄን አስከትለው መጡ። እማማ ብርቄ ነጠላቸውን ተከናንበው ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ የመጡ ናቸው፤ ውሻውን በዘንቢል የተሸከሙትም እሳቸው ነበሩ። ትንፋሹ ሠላሳ አራት ገብቷል። አግዳሚው ወንበር ሞልቶ ነበር፤ ስድስት ሰው አለ።

እኔ እንደ ወትሮዬ ጮክ ብዬ ጠየቅኩ። «ጋሽ ወልዴ፣ ምን እየበላ ነው?»

ጋሽ ወልዴ ወደ እማማ ብርቄ አየት አደረጉ። ከዚያ ወደ መሬት አዩ። «ሽሮ ነዋ፣ እኛ የምንበላውን። ያለ ጨው» አሉ።

ያለ ጨው ሽሮ ብዬ ካርዱ ላይ ጻፍኩ። ያቺን አስተያየት አይቻታለሁ፤ ግን ልብ አላልኳትም። ዶክተር የሚያሸናውን ኪኒን መጠን ጨመሩለት። በሳምንቱ እንደገና መጡ፤ ሠላሳ ዘጠኝ። አሁንም አግዳሚው ላይ ጠየቅኩ፣ አሁንም ሽሮ ተባልኩ። መጠኑ ሌላ ጊዜ ተጨመረ። መድኃኒት እየጨመርን በሽታው ይጨምራል። የእትዬ አስካለ ውሻ በእጃችን ላይ ሊሞት ነው፤ ፋሲካ ደግሞ ገና ነው። እኔ በበኩሌ ኪኒኑ የተበላሸ መስሎኝ ፋርማሲዋን ጠረጠርኩ፤ ሰው ራሱን ለመጠርጠር መቼ ይቸኩላል?

ከዚያ በኋላ በነበረው ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጋሽ ወልዴና እማማ ብርቄ እየሮጡ ገቡ። ቻለው አፉን ከፍቶ አንገቱን ወደ ፊት ዘርግቷል፤ ምላሱ ወደ ሰማያዊ ዞሯል። መተኛት አልቻለም። ዶክተር መርፌ ወጉት፤ እኔ የኦክስጂኑን ጭምብል አፍንጫው ላይ ያዝኩለት።  ሃያ ደቂቃ ያህል እንደያዝኩለት ቆየሁ። ከዚያ ሽንቱን ለቀቀ፤ ጠረጴዛው ላይ፣ ጋዋኔ ላይ። በሕይወቴ በሽንት እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ምላሱ ቀስ በቀስ ሲቀላ ዶክተር ፍሬው ጋሽ ወልዴ ይዘውት የመጡትን የቀን መቁጠሪያ ቅጠል አንስተው አዩ። ጣታቸውን አንድ ሳጥን ላይ አሳረፉ። «ቁጥሩ እስከዚህ ቀን ሃያ ስድስት ነው። ከዚህ ቀን ጀምሮ ይወጣል። በዚህ ቀን ምን ሆነ?»

አየሁት። «ሁዳዴ የገባበት ሰኞ ነው» አልኩ።

«ታዲያ ውሻ ይጾማል? ምን ይበላል ብለሽ የጠየቅሽው የት ነው?»

«አግዳሚው ወንበር ላይ።»

«ሰው ፊት?»



ጋሽ ወልዴን ወደ መድኃኒቷ ክፍል ይዣቸው ገባሁና በሩን ገጠም አደረግሁ። ወንበር የለም፤ ሲሊንደሩን ተደግፈን ቆምን። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ጋሽ ወልዴ፣ እኔ የንስሐ አባትዎ አይደለሁም። ቻለው እውነቱን ካላወቅሁለት ለፋሲካ አይደርስም። ምንድን ነው የሚበላው?» አልኳቸው።

በሩ መገጠሙን አየት አደረጉ። ከዚያ «ቋንጣ» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሥጋ ቤቱ ሁዳዴ ሲገባ ይዘጋል። ቻለው ደግሞ ሽሮ አፍንጫው ላይ ቢደፋበት አይነካም፤ ኪኒኑም ያለ ሥጋ አይዋጥለትም። እትዬ አስካለ በየዓመቱ ለሁዳዴ የሱን ቋንጣ ያሰናዱለት ነበር። ጋሽ ወልዴም አሠራሩን አይተው ባያውቁም እሱን አስታውሰው፣ በዕድሜያቸው ቢላዋ ይዘው ሥጋ ዘልዝለው የማያውቁ ሰውዬ፣ ከቅበላ በፊት ዘለዘሉ። በጨውና በበርበሬ አሽተው ከአልጋቸው በላይ ገመድ ላይ ሰቀሉት። ቤት ውስጥ በጾም ሥጋ ተሰቅሎ ጎረቤት ቢያይ ምን ይላል? ወልዴ ሚስቱ ስትሞት ጾሙንም ፈታ ይላል። ስለዚህ መጋረጃውን ጋርደው፣ የቻለውን ድስት አልጋ ሥር ደብቀው፣ በሹክሹክታ ሲያበሉት ከረሙ።

«ጨው አልኩዎት እኮ፣ ጋሽ ወልዴ!»

«አጥቤ ነው የምሰጠው! በርበሬው ለቆ ውኃው እስኪነጣ ድረስ!» አሉ። ከኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ቁራጭ አወጡ፤ መርፌ ሲወጋ ሊያባብሉት ይዘውለት የመጡት ነው።

እኔ ጾመኛ ነኝ። ዶክተር ፍሬው ስኳር ስላለባቸው አይጾሙም፤ ቁራጩን ወስደው በጥርሳቸው ነከስ አደረጉና ተፉት። «ይህ ሥጋ አይደለም፣ አሞሌ ነው» አሉ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ ጋ ግን የተደበቀው ምሳ ነበር። ደባቂው ደግሞ አፍቃሪ ነው፤ ልቆጣው ብል አፌ እምቢ አለኝ። ያስደበቅኋቸው እኔ ነኝ። ስድስት ሰው በተቀመጠበት፣ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ጎረቤት በቆሙበት፣ ቤትህ ምን አለ ብዬ የጠየቅሁት እኔ ነኝ።

በሩ ተንኳኳ። እማማ ብርቄ ራሳቸውን አስገቡ። ግድግዳችን ስስ ነው፤ ሁሉንም ሰምተዋል።

«አንተ ወልዴ፣ ቋንጣው ከሸተተኝ እኮ ወር ሊሞላ ነው» አሉ።

ጋሽ ወልዴ መሬቱ ቢውጣቸው ደስ ባላቸው። «ብርቄ፣ እኔ አልቀመስኩም፤ በአስካለ አፈር!»

«ምን ያስምልሃል? ለውሻው እንደሆነ አውቃለሁ። አስካለ ስታሰናዳለት ሥጋውን የምዘለዝልላት ማን ይመስልሃል? አንተ ሱቅ ትውላለህ፣ እኛ ጓሮ እንሠራለን። ወልዴ ጾመኛ ነው፣ እንዳይቀፈው ብላ አሠራሩን ከአንተ ደበቀች እንጂ ከእኔ ምን ትደብቃለች? የሱን ደግሞ ጨው አታስነካውም ነበር። ስስ አድርገን ዘልዝለን ጭስ ላይ ነበር የምናደርቀው። ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።»

ጋሽ ወልዴ ሲሊንደሯን ይዘው አለቀሱ። ምን እንዳስለቀሳቸው አልጠየቅሁም። ሚስታቸው እሳቸውን እንዳይቀፋቸው ስትደብቅ፣ እሳቸው ከጎረቤታቸው ሲደብቁ፣ መሃል ላይ ውሻው ሊሞት ነበር።

ዶክተር ፍሬው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለቀሩት ሳምንታት የተቀቀለ ሥጋ ያስፈልገዋል፤ ውኃና ሥጋ ብቻ» አሉ።

«ሥጋ ቤቱ ዝግ ነው» አሉ ጋሽ ወልዴ።

«የነጀማል ሰፈር ሥጋ ቤት ክፍት ነው» አሉ እማማ ብርቄ። ጀማል ከጋሽ ወልዴ ሱቅ ጎን ጫማ የሚሸጥ ሙስሊም ጎረቤታቸው ነው።

ጋሽ ወልዴ ተጠራጠሩ። «የእስላም ሥጋ?»

«ውሻው መቼ ክርስትና ተነሳ?» አሉ እማማ ብርቄ፤ ዘንቢላቸውንም አነሱ።

ዶክተር ሲስቁ ማዳመጫቸው ከአንገታቸው ወደቀ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጀማል ለቤቱ ሲገዛ የቻለውንም ድርሻ ያመጣ ጀመር፤ እማማ ብርቄ ይቀቅላሉ። ሥጋው የቤታቸውን የጾም ድስት እንዳይነካ የአልጋ ሥሯን ድስት አስመጥተው፣ ደጃፍ ላይ፣ ሰፈር እያየ። ማንም ምንም አላለም። እንዲያውም የሱቁ መንገደኛ ሁሉ «ዛሬ ስንት ገባ?» እያለ ይጠይቅ ነበር። ጋሽ ወልዴ በየቀኑ ደወሉልኝ። ሠላሳ ስድስት። ሠላሳ አንድ። ሃያ ዘጠኝ። ዶክተር የጨመሩትን ኪኒን ቀስ በቀስ መልሰው ቀነሱ። በሰሞነ ሕማማት ሐሙስ ቁጥሩ ሃያ አምስት ነበር።

የፋሲካ ማግስት ሰኞ ክሊኒኩን ስከፍት ሦስቱ ደጃፍ ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ ጋሽ ወልዴ፣ እማማ ብርቄና በራሱ እግር የመጣው ቻለው። ዳገቱን ሳያርፍ ወጣው አሉኝ። አላመንኳቸውም፤ ቢሆንም ደስ አለኝ።

«እንኳን አደረሰሽ፣ ሲስተር» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ትናንት ጠዋት የመጀመሪያውን አጥንት ሰጠሁት። ጨው ያልነካው። ከእኔ በፊት በላ።» ትንሽ ቆዩና «አልቀናሁም» አሉ።

ቻለው ከዚያ በኋላ አንድ ሌላ ሁዳዴና አንድ ሌላ ፋሲካ አየ። በሁለተኛው ክረምት፣ ዝናብ ሲዘንብ፣ ከባንኮኒው ሥር ተኝቶ ሳለ ሞተ። ጋሽ ወልዴ ሊነግሩን ራሳቸው መጡ። የተረፈውን ኪኒን ለሌላ ውሻ እንዲሆን ይዘው ነበር፤ የዚያን ወር የቀን መቁጠሪያ ቅጠልም ሰጡኝ። እስከ ማክሰኞ በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ቁጥር አለ፤ ከረቡዕ ጀምሮ ባዶ ነው። «ለአንድ ፋሲካ ነበር የለመንኳችሁ፣ ሁለት ሰጣችሁኝ» አሉና ዶክተርን ጉልበታቸውን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ዶክተር ተሽቀዳድመው ያዟቸው። ሁለት ሽማግሌዎች ተያይዘው ሲንገዳገዱ እኔ ወደ መድኃኒቷ ክፍል ገብቼ አለቀስኩ።

ዛሬ ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል። ጋሽ ወልዴ ራቅ ያለ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል፤ እማማ ብርቄ ሁለት ፎቅ ከበላያቸው። በየፋሲካው ይደውሉልኛል፤ ስልኩን እኔ ቀድሜ ልያዝ እያሉ ይጣላሉ። ዶክተር ፍሬው ከእኔ በፊት ነው የተሰናበቱት፤ ሲሄዱ ማዳመጫቸውን ሰጡኝ። እኔም በተራዬ በእኔ ቦታ ለተተካችው ልጅ ሰጠኋት፤ ለአንድ ወር ጤነኛ ልብ ብቻ እንድትሰማ አዘዝኳት። ቂም ይዛብኛለች። ያልፍላታል።

ክሊኒኩ ውስጥ የለወጥኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ካርዱ ላይ «ምን ይበላል» የሚለውን ጥያቄ አግዳሚው ወንበር ላይ መጠየቅ ተውኩ። መድኃኒቷ ክፍል ውስጥ ሁለት ዱካ አስገባሁ፤ እዚያ ባለቤቱን አስቀምጬ፣ በሩን ገጠም አድርጌ ጠየቅሁ። እዚያች ክፍል ውስጥ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ፤ ለውሻው የተሰጠ የሠርግ ቀይ ወጥ፣ ውሻው አልጋ ላይ እንደሚተኛ፣ ኪኒኑን ለራሱ የዋጠ ባለቤት። አንዱንም ለሰው አልተናገርኩም፤ አሁንም የማን እንደሆነ አልናገርም።

ለናንተ ሥራውን ለምትጀምሩት የምለው ይህን ነው። ያረጀ ውሻ ካሳለ ሽሮፕ ከመስጠታችሁ በፊት ደረቱን ስሙ። ትንፋሹን ተኝቶ ሳለ አስቆጥሩ። ምን እንደሚበላ ግን ባለቤቱን ለብቻው ጠይቁት።